ከአንድ አፍ የወጡ ጥርሶች

ልደታ፣ ጥቅምት 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ከቻይና ዕቃ የሚያመጣልኝ ነስረዲን ዛሬ ከጓንግዡ ገባ። ከዕቃው መሀል የእህቴን የነጅማን ልጅ የሚስራን ደብዳቤ አውጥቶ ሰጠኝ። በስልክ የተባለ ነገር ኋላ ሲፈለግ አይገኝም። ስለዚህ የሷንም የኔንም እዚህ ደብተር ላይ እገለብጣለሁ።

ጓንግዡ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2016

ለአጎቴ ለኸይረዲን፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፣ ደጃፍዎን ሰው አያሳጣው። ከአገር ከወጣሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ከዱዓዎ ውጭ የዋልኩ አይመስለኝም።

እኔ ደህና ነኝ። ያስቸገረኝ ጥርሴ ብቻ ነበር። በስተግራ ከታች ያለው ትልቁ መንጋጋዬ ክረምቱን ሙሉ ሲያሠቃየኝ ከርሞ አስነቀልኩት። «የጥርስ ተመራማሪዋ ጥርስ አጣች» ብለው እዚህ ያሉት ሲስቁብኝ ሰነበቱ፤ እርስዎም ይሳቁ።

የምጽፍልዎ ስለ ሥራዬ ነው። ጥርስ ሲነቀል ሥሩን ይዞት የነበረው አጥንት እየሳሳ እንደሚሄድ እርስዎ ከኔ በላይ ያውቃሉ፤ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚገዙዎ ሐኪሞች ሁሌ የሚያማርሩት ይህንኑ ነው። ጉድጓዱን የሚሞሉበት ዱቄት አለ፤ ብዙው ግን ከበሬ ወይም ከአሳማ አጥንት የሚሠራ ነው። እኛ የምንፈልገው ሰውነት «እንግዳ ገባብኝ» ብሎ የማይገፋውን ነገር ነው። አራት ሙያ በአንድ ክፍል ተሰብስበናል፤ የጥርስ ሐኪም፣ ኬሚስት፣ የሥነ ሕይወት ባለሙያ፣ እኔ ደግሞ የቁስ መሐንዲስ። የምንሠራው ከተነቀለ የሰው ጥርስ ነው። ይታጠባል፣ ሕይወት የነበረው ነገር ሁሉ ይወጣለታል፣ ይፈጫል። የሚቀረው አሸዋ የሚመስል ንጹሕ ቅንጣት ነው።

ጥርስ በልጅነት የተጠጣውን ውሃ ይዞ ይኖራል። የስምጥ ሸለቆ ጥርስ ሌላ ነው፣ የአዲስ አበባ ሌላ። እዚህ ያለን ሁሉ የአንድ አገር ጥርስ ስለሆነ ከእናንተ ዘንድ ያስፈልገናል። በልደታና በጠመንጃ ያዥ ሠፈር ያሉ ክሊኒኮች ደንበኞችዎ ናቸው። ፈቃዱ ወጥቷል፤ የስምምነት ወረቀቱን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ሰጪው ዕድሜና ፆታ ይሞላል፣ ይፈርማል። ስም አይጻፍም።

ለእማዬ ጥርስ ላይ እንደምሠራ እንጂ ከሰው ጥርስ እንደምሠራ አይንገሯት።

ዱዓዎ አይለየኝ፣
ሚስራ

ልደታ፣ ኅዳር 22 ቀን 2016

ለልጄ ለሚስራ፣

ወዐለይኪ ሰላም ወረሕመቱላሂ። የወጣሽበትን ነገር አላህ ያሳካልሽ፣ በሰው አገር ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። እናትሽ ወራቤ ደህና ናት። ያልሽኝን አልነገርኳትም።

አርባ ጥርስ በነስረዲን እጅ ልኬያለሁ። ታጥበው፣ ቁጥር፣ ዕድሜና ፆታ ተለጥፎባቸው፣ እያንዳንዳቸው በየብልቃጣቸው ናቸው። የተፈረመባቸው ወረቀቶች እኔ ሱቅ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፈዋል።

ነገሩ እንዳሰብሽው ቀላል አልነበረም። የመጀመሪያው ሳምንት አንድም አላገኘሁም። ጠመንጃ ያዥ ያለችው ነርስ ሠርካዲስ፣ «ጋሼ ኸይረዲን፣ እርስዎ በር ላይ ቆመው ጥርስ ሲለምኑ የመጣው ሰው ሕመሙን ረስቶ እየተመለሰ ነው» አለችኝ። አጠገቤ ጫማ የሚሸጠውን ጀይላንን ታውቂዋለሽ፤ «ኸይሩ፣ ጓንትና ጄሶ መሸጥ ሰልችቶህ ጥርስ ለቃሚ ሆንክ?» እያለ ለመንገደኛው ሁሉ ይናገራል።

እንቢ የሚሉበትን ምክንያት ጠየቅሁ። ወገኖቻችን ከገላ የወጣ ነገር፣ ጥፍርም ይሁን ጥርስ፣ ሜዳ ላይ አይጣልም፣ ይቀበራል ይላሉ። አንድ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ ያ ጥርስ ሥጋ ያኘከው ለኔ ነው። ቻይና ሄዶ ለማን ያኝካል?» አሉኝ። ልክ ናቸው። እኔም ሻጭ ነኝ፤ ገዢ የሚጠይቀውን ሳይሰጡት ዕቃ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ በወረቀቱ ግርጌ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «ከምርመራው የተረፈው ሁሉ ለባለቤቱ ተመልሶ ይቀበራል።» ከሥሩ የሱቁን ማኅተም አደረግሁበት። ከዚያ በኋላ በአሥራ አምስት ቀን አርባ ሞላ።

አጎትሽ ኸይረዲን

ጓንግዡ፣ ጥር 6 ቀን 2016

ለአጎቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ የድካምዎን ዋጋ በሁለት ዓለም ይክፈልዎ። ሣጥኑ ደርሷል፤ አንድም ብልቃጥ አልተሰበረም።

ያቺን መስመር ባይጨምሩ ጥሩ ነበር። ጥርሱ ይፈጫል እኮ፤ ከአንዱ የሚተርፈው አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ግን የሆነው ሆኗል፤ የተረፈውን በየቁጥሩ አስቀምጣለሁ።

አሁን ደስ የሚለውን ልንገርዎ። ቅንጣቱን ሳህን ላይ አድርገን የአጥንት ሕዋሳት እንለቅበታለን። ከተስማማው ሕዋሱ ይቀመጥበታል፤ ካልተስማማው ይሸሻል ወይም ይሞታል። ብዙውን ጊዜ ግማሹ ቢቀመጥ እንደሰታለን። በአሥራ ሰባት ቁጥር ላይ ሁሉም ተቀመጡ። ደገምነው፤ ሁሉም። ከሌላ ሰው የተወሰደ ሕዋስ ሞከርን፣ ከአይጥም ሞከርን። የሥነ ሕይወት ባለሙያችን ሳህኑን እያየች፣ «ይሄ ተቀበሉት አይባልም፤ ሲጠብቁት የነበሩ ይመስላሉ» አለች።

ብልቃጡ ላይ ሴት፣ ዕድሜ 34፣ ታችኛው ግራ ትልቁ መንጋጋ ይላል። ከዚህች ሴት ሌላ ጥርስ ይገኝ ይሆን? ያላመማትን ትነቀል ማለቴ አይደለም። ቢያማት ማለቴ ነው።

የእርስዎው ሚስራ

ልደታ፣ የካቲት 19 ቀን 2016

ለሚስራ፣

ወዐለይኪ ሰላም። ይህ ደብዳቤ በደህና ያግኝሽ፣ ያሰብሽው ሁሉ በረካ ያለው ይሁን።

አምሳ ጥርስ ልኬያለሁ። የአሥራ ሰባት ቁጥሯን ሴት ስም እንዳይጻፍ ያልሽው አንቺ ነሽ፤ ከየት ልፈልጋት? ጥርሱን የነቀለው ሐኪም በቀን ሃያ አፍ ያያል። «ጋሼ፣ እኔ ፊት አላስታውስም፤ ጥርስ ቢያሳዩኝ ይሻላል» አለኝ።

አንድ ነገር ልምከርሽ። ገበያ ውስጥ ሁሉም የሚወደው ዕቃ ሲያጋጥመኝ ቶሎ አልገዛም። መጀመሪያ አገላብጬ ጉድለቱን እፈልጋለሁ። ጉድለቱን ካጣሁት ደግሞ ጨርሶ እተወዋለሁ።

ስለራስሽ ምንም አልጻፍሽልኝም። የተነቀለው ቦታ ዳነልሽ?

ኸይረዲን

ጓንግዡ፣ ሚያዝያ 10 ቀን 2016

ለአጎቴ፣

ዒድ ሙባረክ። አላህ ጾምዎን ይቀበልዎ፣ ለከርሞ በሰላም ያድርስዎ። እኔ ዘንድሮ ብቻዬን ነው ያፈጠርኩት፤ ግን ብቻዬን አልመሰለኝም።

የጠየቁኝ ቦታ ድኗል። በጣም ድኗል።

አጎቴ፣ ሁለተኛው ሣጥን ውስጥ ስሕተት ሳይኖር አይቀርም። ሃምሳ ሁለት፣ ስድሳ ስምንትና ሰማንያ አንድ ቁጥር ልክ እንደ አሥራ ሰባት ሆኑብን። ሕዋሱ ሁሉ ይቀመጥባቸዋል። ተጠራጥረን የዘር ምርመራ አደረግን፤ አራቱም የአንድ ሰው ናቸው። ይህ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩልዎ። አራቱም ታችኛው ግራ ትልቁ መንጋጋ ናቸው። ሰው በዚያ ቦታ ያለው አንድ ጥርስ ነው። የጥርስ ሐኪማችን ሳይፈጩ በፊት የተነሡትን የአራቱን ፎቶ ጎን ለጎን ደርድሮ ሲያያቸው ዋለ። ሥራቸው፣ ጉብታቸው፣ ጫፋቸው ላይ ያለችው ትንሽ ስንጥቅ እንኳ አንድ ነው። ዕቃውን አስቀምጦ ሳይሰናበተን ወጣ።

ምናልባት ክሊኒኮቹ ተደባልቆባቸው ይሆናል። እባክዎ ወረቀቶቹን ይመልከቱልኝ።

ሌላ ጥያቄ አለኝ፤ አይሳቁብኝ። ጠመንጃ ያዥ ውስጥ፣ ወደ ታች ሲወርዱ፣ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ያለው ግቢ አለ? በሩ ሥር ውሃ የሚወርድበት፣ ደፉ የተበላ ድንጋይ ያለበት? የት እንዳየሁት ጠፍቶኝ ነው። ወራቤ አድጌ ጅማ ተምሬ፣ እርስዎ ዘንድ ያደርኩት አራት ቀን ብቻ ነው፤ ያኔም ከኮንዶሚኒየሙ አልራቅንም።

ሚስራ

ልደታ፣ ግንቦት 21 ቀን 2016

ለሚስራ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። አላህ ልብሽን ያጽናልሽ፤ ይህን ስታነቢ ተቀምጠሽ አንብቢ።

ወረቀቶቹን አየሁ። አራቱ ከአራት ክሊኒክ የመጡ ናቸው። ፊርማው አንድ ነው፤ የሚቸኩል ሰው ፊርማ አይደለም። ቀኖቹ በመካከላቸው ሦስት፣ ሦስት ሳምንት አላቸው። መደባለቅ የለም።

ሠርካዲስ ዘንድ ሄጄ ሰማንያ አንድ ቁጥርን አሳየኋት። እሷ ወዲያው አስታወሰች። «ጋሼ፣ ይቺ እኮ መርፌ አልፈልግም ያለችው ናት። ዶክተሩ ሲጎትት እኔ ጭንቅላቷን ይዤ ነበር። አላቃሰተችም። ደም እንኳ አልነበረም። ስንጨርስ ‹ወረቀቱ የታለ?› አለች። ግርጌ የጻፉትን መስመር ሁለት ጊዜ አነበበችና ፈረመች።»

«ሰው ናት?» አልኳት ለቀልድ።

«እኔ ምን አውቄ! ካርድ አውጥታ ከፍላ ነው የታከመችው» አለችኝ።

ከዚያ ወደ ሱቅ ተመለስኩ። ሴትዮዋ ባንኮኒዬ ፊት ቆማ ነበር። ጀይላን ወንበር ሰጥቷት አልተቀመጠችም። ቡናማ ሻሽ ያደረገች፣ ቀጭን፣ ወረቀቱ ላይ ከሞላችው ዕድሜ ብትበልጥ እንጂ የማታንስ ናት።

«ኸይረዲን አንተ ነህ?» አለችኝ። ልጄ የምትሆን ሴት ናት፤ እኔ ስድሳ አንድ ዓመቴ ነው። ጀይላን ጫማ እየወለወለ ቀና አለ።

«ነኝ። ምን ልርዳሽ?»

«ሪሀና እባላለሁ። ጥርሴን ልወስድ ነው የመጣሁት። ጨርሳችሁ የለም?»

«የቱን ጥርስ?»

«አራቱንም።» ከዚያ ሳቀች። ሚስራ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ጥርስ የሸጥኩ ሰው ነኝ። ሰው ሠራሹን ከአሥር ሜትር እለያለሁ። ሴትዮዋ አፏ ሙሉ ነው። ታችኛው ግራ መንጋጋዋ ቦታው ላይ ቆሟል፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ስንጥቅ አለችው።

«እንዴት ተመልሶ በቀለ?» አልኳት።

«አንተ ልጅ፣ ወረቀቱ ላይ ይሄን ትጠይቃለህ ተብሎ አልተጻፈም» አለችኝ። «ይመለሳል ነው የተጻፈው። ማኅተሙስ ያንተ አይደለም? እኔ ለስንቱ ሰጥቻለሁ፤ እመልሳለሁ ብሎ የፈረመልኝ አንተ ብቻ ነህ።»

ከየት እንደሆነች ጠየቅኋት፤ ጠመንጃ ያዥ አለች። እንዳልሽው ሆኖ እንደሆነ ብዬ ደግሞ ስለ በሩ ጠየቅኋት። «አረንጓዴ ነበር» አለች። «አምና ነው ቀይ የቀባሁት። አረንጓዴውን ማን ነገረህ?»

የቀረውን ሁሉ፣ የአራቱንም፣ አንድ ቅንጣት ሳታስቀሪ ላኪልኝ። ምርምሩ ከሌላ ጥርስ ይቀጥል።

አጎትሽ

ልደታ፣ ሐምሌ 30 ቀን 2016

ነስረዲን ባዶ እጁን መጣ። ለሚስራ ሦስት ጊዜ ደውሎላት፣ ሁለት ጊዜ ደጇ ሄዶ አላገኛትም። ሪሀና በየሳምንቱ ሐሙስ እየመጣች «ደረሰ?» ትለኛለች። አትቆጣም። ጀይላን ቀልድ አቁሟል፤ እሷ ስትመጣ ሱቁን ዘግቶ ይሄዳል።

ጓንግዡ፣ ነሐሴ 15 ቀን 2016

ለአጎቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ልብዎን በኔ ላይ አያክፋው። ነስረዲን ደጄን ሲመታ ውስጥ ነበርኩ። ምን ብዬ እንደምልክልዎ ስላላወቅሁ አልከፈትኩም።

የቀረው ሁሉ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በላክሁት ብልቃጥ ውስጥ አለ። በእጄ መዝኜዋለሁ። የተፈተነውም ከየሳህኑ ተጠርጎ ገብቶበታል። ያልገባው አንድ ነገር ነው።

በየካቲት መጀመሪያ፣ የእርስዎ «አገላብጪ» የሚል ምክር ሳይደርሰኝ፣ የአሥራ ሰባት ቁጥርን ቅንጣት በተነቀለው ጥርሴ ቦታ አስሞላሁት። ሐኪማችንን ለምኜ ነው። ለሰው ገና አልተፈቀደም። ከሱ በቀር ማንም አያውቅም። ለምን እንዳደረግሁት ሰበብ አለኝ፤ በሌላ ሰው ከመሞከር በራስ መሞከር ይሻላል የሚል ነው። እውነቱ ግን ሳህኑን ሳይ ቀናሁ። እኔ እዚህ ሦስት ዓመት ኖሬ አንድ ሰው እንኳ እንዲያ አልተቀበለኝም።

በሁለት ሳምንት እብጠት የለ፣ ሕመም የለ። በሁለት ወር በፎቶ ስናየው ጉድጓዱ የለም። እዚያ ጥርስ የለኝም፤ ግን ድዱ ላይ ሳኝክ ጠጠር ይደቅቃል። ከዚያ በኋላ ነው በሩን ማወቅ የጀመርኩት። አሁን ግቢውንም አውቀዋለሁ። ሦስት ክፍል ነው፤ የመሀለኛው መስኮት የለውም። ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ ጨው ጨው ይላል። ሴትዮዋ ቀይ ቀባሁት ያለችው እውነት ነው። አጎቴ፣ ደብዳቤዎ ሳይደርሰኝ በፊት ቀይ መሆኑን አውቄ ነበር።

አይንገሯት። ብልቃጡን ይስጧትና «ሁሉም ይኸው» ይበሏት።

ሚስራ

ልደታ፣ መስከረም 9 ቀን 2017

ለሚስራ፣

አዲሱ ዓመት የምሕረት ይሁንልሽ። እኔ ተቆጥቼም አላውቅም፣ ተቆጥቼም አልጽፍልሽም። የሆነውን ብቻ ልንገርሽ።

ሐሙስ መጣች። ብልቃጡን ሰጠኋት። አልከፈተችውም። በመዳፏ አንድ ጊዜ ከፍ ዝቅ አደረገችውና፣ «ይጎድላል» አለች።

ሠላሳ ዓመት ነግጃለሁ። በሚዛን የተያዘ ሰው ከዋሸ ደንበኛውንም ስሙንም ያጣል። «አዎ ይጎድላል» አልኳት። «የእህቴ ልጅ መንጋጋ ውስጥ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች። «በግራ ነው የምታኝከው። እንዲያው አንተ ትዋሸኝ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው።»

«ምን ይደረግ?»

«ምንም። አጥንት አጥንት ውስጥ ገብቷል፤ አሁን አይነቅሉትም። አብሯት ይቀበራል። እዚህ ይሁን እንጂ።»

ሙስሊም በሞተበት አገር፣ በቶሎ፣ እንደሚቀበር፣ ሬሳ ባሕር አቋርጦ እንደማይንገላታ ነገርኳት። ይህን ስል የዘጋሁባት መስሎኝ ነበር። አንገቷን ነቀነቀች፤ እንደ ታላቅ እህት፣ በእርጋታ።

«ልክ ነህ» አለችኝ። «እንግዲያው እዚህ ትሙት።»

ከዚያ ዋስ ሁን አለችኝ። ሚስራ ከሌላ አገር አፈር እንዳትገባ፣ በወረቀት፣ በማኅተም። «እኔ ከሷ በሠላሳ ዓመት እበልጣለሁ» አልኳት። «ዋስሽ ቀድሞ ይሞታል። ምን ይጠቅምሻል?»

«አንተ እስካለህ ሁን። ከዚያ በኋላ እኔ አለሁ» አለችኝ።

አልፈረምኩም። የኔ ባልሆነ ነገር ላይ አንድ ጊዜ ማኅተም አድርጌ ይኸው የመጣው መጥቷል።

አሁን የምልሽን ስሚ። ሐኪምሽን ለምኚው፣ ካልሆነም ሌላ ፈልጊ፤ አስወጪው። አጥንትሽ ቢጎድል ይጎድል፤ ባንድ በኩል የሚያኝክ ሰው ሞልቷል። የወጣውን ላኪልኝ። እስከዚያ ድረስ እዚህ አገር እንዳትመጪ። እናትሽ ናፈቅሁ ብትልሽም፣ እኔ ታመምኩ ብለው ቢነግሩሽም፣ እንዳትመጪ።

አጎትሽ ኸይረዲን

ጓንግዡ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017

ለአጎቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ስለኔ ያሰቡትን ሁሉ መልካም ያድርግልዎ።

እንዳሉኝ አደረግሁ። ሌላ ሐኪም አገኘሁ፤ ሁለት ሰዓት ከፍቶ ፈለገ። የሰው ቅንጣት ሲሞላ ለብዙ ጊዜ ድንበሩ ይታያል፤ የተሞላው ቦታ ነጣ ይላል። በኔ ላይ ድንበር የለም። ከመሀል ትንሽ ቆርጦ አስመረመረው። የማን እንደሆነ ሲጠየቅ መልሱ «የታካሚዋ» ሆኖ መጣ። ከጎን ቆረጠ፤ ያንንም እንዲሁ አሉት። ግራ ገብቶት ከቀኝ በኩል፣ ምንም ካልተነካው መንጋጋዬ ቆረጠ። እሱንም ከአሥራ ሰባት ቁጥር የዘር ምርመራ ውጤት ጋር አስተያየነው። አጎቴ፣ አንድ ነው። ሁለታችንም አንድ ነን ይላል ወረቀቱ።

እንግዲህ ምኑን ላስወጣ? ከየት ላስጀምር?

ምርምሩን ለቅቄያለሁ። የአሥራ ሰባትን ውጤት ሁሉ አጥፍቼዋለሁ፤ ሌላ ሰው እንዳይሞላበት። ይህን ያደረግሁት በሙሉ አእምሮዬ ነው፤ እብድ አይበሉኝ። ቀን በቀን እበላለሁ፣ እሰግዳለሁ፣ እሠራለሁ። ፍርሃት ግን ጥሎኝ ሄዷል። ሰው ሁሉ የሆነ ቦታ ይሞታል፤ ቦታውን አስቀድሞ ማወቅ ምኑ ያስፈራል?

እመጣለሁ። ቀኑን አልነግርዎትም፤ እንዳይከለክሉኝ።

ሚስራ

ልደታ፣ ኅዳር 28 ቀን 2017

ለሚስራ፣

አላህ እግርሽን ይያዘው። በዚህ ዓለም ላይ ከአንቺ ሌላ የምጽፍለት ሰው የለኝም።

አትምጪ። ፍርሃት ጥሎኝ ሄደ ያልሽው ነው ያስፈራኝ። የመንጋጋሽን ወረቀት አላምንም፤ ጸሐፊው ሰው ነው፣ ይሳሳታል። የእናትሽን አምናለሁ፤ የወለደችሽ እሷ ናት፣ ስትወለጂ አዛኑ በጆሮሽ ሲባል እኔም ቆሜ ሰምቻለሁ። ሌላ አገር ሂጂ። ሌላ ሥራ ያዢ። አሮጊት ሆነሽ ሩቅ ቦታ ሙቺ። ለሴትዮዋ እኔ መልስ እሰጣታለሁ፤ በየሐሙሱ ትምጣ፣ በየሐሙሱ «አልደረሰም» እላታለሁ።

አጎትሽ

ልደታ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017

የመጨረሻውን ደብዳቤ ነስረዲን ሳይከፈት መለሰልኝ። ክፍሏን ለቅቃለች አለ።

ዛሬ ጠዋት ነጅማ ከወራቤ ደወለች። ሚስራ ለእናቷ ነግራት ኖሯል፤ «በአራት ሰዓት ትገባለች፣ ሂድ ተቀበልልኝ፣ እኔ መኪና አጥቼ ነው» አለችኝ። ሱቁን ዘግቼ በታክሲ ቦሌ ወጣሁ።

የተቀባዩ ሕዝብ ብዙ ነበር። ዕቅፍ አበባ የያዘ፣ ስም የጻፈ። ቡናማ ሻሽ አየሁ። ሪሀና ከአጥሩ ብረት ጋር ተጠግታ ቆማለች። ስታየኝ፣ «ዘገየህ» አለችኝ።

«ዛሬ ሐሙስ አይደለም» አልኳት።

ሚስራ ከሌሎቹ ጋር ወጣች። ከስታለች፣ ግን ደህና ናት፤ መልኳ ጥሩ ነው። ስሟን ጠራሁ። ሰማችኝ፤ ወደኔ ዘወር ብላ ፈገግ አለች፣ የሻንጣውን ጋሪ ፊቴ አቆመችልኝ፣ እጄን ሳመች። ከዚያ አልፋኝ ሄደች። ሪሀና ክንዷን ዘረጋችላት። አልተዋወቁም፣ «እንዴት ነሽ» አልተባባሉም። ሠፈር ውለው እንደሚመለሱ ሰዎች ተያይዘው ወደ መኪና ማቆሚያው ወረዱ።

«ሚስራ፣ የት ነው የምንሄደው?» ብዬ ጮኽኩ።

ሁለቱም ዞሩ።

«ቤት ነዋ፣ አጎቴ፤ ቀዩ በር ጋ» አለች ሚስራ።

ሻንጣውን እየገፋሁ ተከተልኳቸው።